ከአምስት ቁጥር የመጣችው ካርድ

ክርኑ ከንፈሬ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ያመመኝ ምቱ አልነበረም፤ «አንተ» ማለቱ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ «ጋሼ፣ እርስዎ» ሲለኝ የኖረ ሰው፣ በዚያ ሁሉ ተመልካች ፊት «አንተ ሌባ» ብሎ መታኝ። ቀዩ ምልክት ከእጄ ወደቀ፣ የታች ጥርሴ ተነቃነቀ፣ እኔም አስፋልቱ ላይ ዘጭ አልኩ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ሙያዬ ጫማ ማደስ ነው። እሁድ እሁድ ግን የእርምጃ ውድድር ዋና ዳኛ ነኝ። እነዚያ ዳሌያቸውን እያወዛወዙ፣ ሽንት እንዳጣደፈው ሰው የሚገሰግሱት ስፖርተኞች አሉ አይደል? የእነሱ። ሳቁ፣ ግድ የለም። ባለቤቴም ሳቋን ያቆመችው ካገባችኝ በኋላ ነው፣ እሱም አዝናልኝ። ሕጉ አጭር ነው፤ አንዱ እግር መሬት ሳይነካ ሌላው አይነሳም፣ ያረፈው እግር ጉልበቱ አይታጠፍም። ከዚያ ያለፈ ሩጫ ነው። ይህን የሚለየው ደግሞ መሣሪያ ሳይሆን የዳኛ ዓይን ብቻ ነው። ስለዚህ በእኛ ስፖርት «ተበደልኩ» የማይል ሰው የለም። ሁሉም ዋሽቶ አይደለም፤ እሱ እግሩ ላይ የሚሰማውና እኛ ከዳር ሆነን የምናየው አይገጥምም።

አሠራራችን እንዲህ ነው። መንገዱ ዳር ስድስት ዳኞች በስድስት ጣቢያ ይቆማሉ። እርስ በርስ መነጋገር ክልክል ነው። አንድ ዳኛ ተወዳዳሪው ሕግ መጣሱን ሲያምን ትንሽ ቀይ ካርድ ላይ የተወዳዳሪውን ቁጥር፣ ሰዓቱንና የጣቢያውን ቁጥር ይጽፋል። ካርድ ሰብሳቢዋ በብስክሌት እየዞረች ለመዝጋቢው ታደርሳለች፣ መዝጋቢው ትልቁ ሰሌዳ ላይ ከተወዳዳሪው ቁጥር ጎን ቀይ ነጥብ ይለጥፋል። ከሦስት የተለያዩ ዳኞች ሦስት ካርድ የመጣበት ይወጣል። አንድ ዳኛ ለአንድ ተወዳዳሪ ሁለት ካርድ መስጠት አይችልም። አንድ ሰው ብቻውን ጥርስ ነክሶብህ እንዳይጥልህ ነው። የእኔ ሥራ ነጥቡ ሦስት ሲሞላ፣ የመጥበሻ ክዳን የምታክለውን ባለ እጀታ ቀይ ምልክት ይዤ ፊቱ መቆም ነው። እኔ ካርድ አልጽፍም። መርዶ ነጋሪ በሉኝ።

የመታኝን ሰው ሁላችንም «ሽቦ» እንለዋለን፤ ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ሲነኩት ይነዝራል። ዕድሜው ሃያ ሰባት። የዚያን እሁድ ውድድር ሃያ ኪሎ ሜትር ነበር፣ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ወደ ውጭ አገር ሻምፒዮና ይሄዳሉ። ሽቦ እስከ አሥራ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ሁለተኛ ነበር። ከኋላው ሦስተኛ ሆኖ የሚከተለው «ዝምተኛው» የምንለው ልጅ ነው። ዝምተኛውን ከአሥራ ሦስት ዓመቱ ጀምሮ መራመድ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እናቱ ይህን በሰማች ቁጥር «እኔስ ምን ላስተምረው ነበር?» ትላለች። ይህን የማያውቅ ሰው በስፖርቱ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ነጥብ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው በአሥራ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ነው። ሽቦ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ አጠገቡ የነበረውን ዝምተኛውን በትከሻው ገጭቶ ወደ ዳር ገፋው። ዝምተኛው ምንም አላደረገውም ነበር። ተንገዳገደ፣ ቀና አለ፣ እንዳመሉ ዝም ብሎ ቀጠለ። እኔ ያን ጊዜ «ይሄ ልጅ ዛሬ ሰይጣኑ ተነስቷል» አልኩና ፊቴን አዞርኩ። ሰይጣን አልነበረም። ሰሌዳው እንደበደለው ያመነ ሰው ሰሌዳውን መግጨት አይችልም፤ የሚገጨው አጠገቡ ያለውን ነው።

አሥራ ሰባተኛው ላይ ሦስተኛው ነጥብ ተለጠፈ። ምልክቴን ይዤ መሐል መንገድ ቆምኩ። ሽቦ አየኝ፣ ሰሌዳውን አየ፣ ከኋላው የሚመጣውን ዝምተኛውን አየ።

«ለልጅህ መንገድ ጠረግህለት አይደል?» አለ። «አንተ ሌባ።»

ቀጥሎ የሆነውን ነግሬያችኋለሁ። ቀዩን የሚያሳየው ሰው ካርድ እንደማይጽፍ ሽቦ ከእኔ እኩል ያውቃል። የተበደለ ሰው ግን በደሉን የሚያራግፍበት ፊት ይፈልጋል፣ የዚያን ዕለት ፊቱ ላይ የነበርኩት እኔ ነበርኩ።

ባለቤቴ የፋርማሲ ሠራተኛ ናት። ማታ ከንፈሬን በጥጥ ጠርጋ ደም የነካውን ጥጥ ጣለች።

«በቃ አንተም ደረሰህ» አለች።

«ምኑ?»

«ሃያ ስድስት ዓመት ስትረግመው የኖርከው ሰውዬ መሆን።»

ይህን ያለችበት ምክንያት አለ። እኔም በጊዜዬ ተራማጅ ነበርኩ። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ለመጨረሻው መስመር አራት መቶ ሜትር ሲቀረኝ ቀይ ወጣብኝ። ሦስተኛዋ ካርድ የጥላቻ ናት አልኩ፤ ያኔም አልኩ፣ በሠርጌ ዕለትም አልኩ፣ ጫማ ሊያሳድስ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ አልኩ። ዳኛውን አልመታሁም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ልምምድ ላይ አንድ የማላውቀው ልጅ ሊያልፈኝ ሲል በክርኔ ጎኑን መትቼ ሁለት የጎድን አጥንት ሰበርኩ። ያንን ለደንበኛ አላወራውም። ዳኛ የሆንኩትም ማንም እንደኔ እንዳይበደል ብዬ ነው፤ እንዲያ እያልኩ ነው የኖርኩት።

እውነቱን ለመናገር ሰኞ ዕለት መበደሌን ወድጄው ነበር። ሱቄ የሚገባው ሁሉ ከንፈሬን አይቶ ከንፈሩን ይመጥልኛል። «እጁ ይሰበር» ይለኛል። እኔም «አይ፣ ልጅነት ነው» እላለሁ፤ እንዲህ ስል ደግ ሰው መስዬ ስለምታይ ደስ ይለኛል። ሪፖርቱን ግን ደሜ እንደፈላ ነበር የጻፍኩት። ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይሰበሰባል። የሁለት ዓመት እገዳ ጠየቅኩ። ለሃያ ሰባት ዓመት ተራማጅ ሁለት ዓመት ማለት ጡረታ ነው፣ ይህንንም አውቄ ነው የጻፍኩት።

ከሪፖርቱ ጋር ሦስቱ ካርዶች መያያዝ አለባቸው። ያኑ ሰኞ ከፖስታው አወጣኋቸውና ሙጫና ተረከዝ በሞላው ጠረጴዛዬ ላይ ደረደርኳቸው። የሽቦ ቁጥር ሠላሳ ሰባት ነበር። የመጀመሪያዋ ካርድ ከሁለት ቁጥር ጣቢያ፣ ሁለተኛዋ ከአራት፣ ሦስተኛዋ ከአምስት። ሦስት ጣቢያ፣ ሦስት ካርድ። ላያይዛቸው ስል ዓይኔ ሰባቷ ላይ አረፈ። የአራት ቁጥሩ ዳኛ ሰባትን እንደማንኛውም ሰው ነው የጻፋት። የሁለትና የአምስት ቁጥሮቹ ሰባቶች ግን ወገባቸው ላይ ሰረዝ አላቸው።

ሰባትን በወገቧ የምትሰርዝ አንዲት ዳኛ ብቻ አለችን። መምህርቷ። የሒሳብ መምህርት ናት፤ ተማሪ ሰባትን ከአንድ ጋር እንዳያምታታ ብላ የለመደችው ነው።

ከዚያ ሁሉም ነገር አንድ በአንድ መጣልኝ። አሥራ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የአምስት ቁጥሩ ዳኛ ፀሐይ አዞረውና ወደ ጥላ ወሰዱት። አምስት ቁጥር ደግሞ ዳገቱ ሥር ነው፣ ባዶ አይተውም። እኔ ራሴ ነኝ መምህርቷን ከሁለት ቁጥር አንስቼ አምስት ላይ ያቆምኳት። ሁለት ባዶውን ቀረ። ለመዝጋቢው አልነገርኩትም። መዝጋቢው የሚያየው የጣቢያ ቁጥር እንጂ የእጅ ጽሑፍ አይደለም፤ ሦስት ጣቢያ ሲያይ ሦስት ዳኛ አለ። ነጥቡ ሲሞላ ካርዶቹን ተቀብዬ ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሰሌዳውን አምኜ ሮጥኩ።

ሽቦን ሦስት ሰው አላየውም፤ ሁለት ሰው ነው ያየው። መውጣት አልነበረበትም።

ማክሰኞ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ መምህርቷ ትምህርት ቤት ሄድኩ። በዕረፍት ሰዓት ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ጠመኔ የተቀባ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ካርዶቹን አየች። አንድ ጊዜ አየች፣ መነጽሯን አድርጋ ደግሞ አየች።

«ሁለቱም የኔ ናቸው» አለች።

«እንዴት?»

«ሁለት ቁጥር እያለሁ ለስንቱ የማስጠንቀቂያውን ቢጫ እንዳሳየሁ ታውቃለህ። ለሱም ቢጫ ብቻ ያሳየሁት መስሎኝ ነበር። አምስት ላይ ስቆም አዲስ የካርድ ጥራዝ ሰጡኝ፤ የፊተኛውን ተቀበሉኝ። ለማን እንደጻፍኩ የሚቀረውን ጉርድ ማየት አልቻልኩም።» ዴስኩ ላይ ቁጭ አለች። «ግን መሬት ለቋል። ሁለቱንም ጊዜ ለቋል። ባላይ አልጽፍም ነበር።»

«አውቃለሁ። ግን ያየሽው አንቺ ነሽ፣ ሁለቱንም ጊዜ።»

«አዎ» አለች። «አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ማየቱ ሁለት ሰው አያደርገውም። ለልጆቹ ይህንን ነው የማስተምረው።»

ደወል ተደወለ። ልትነሳ ስትል ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «ከጠየቁኝ አልዋሽም። ግን ማንም አይጠይቀኝም። ሪፖርቱን የምትጽፈው አንተ ነህ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሻምፒዮናው ዝርዝር የሚዘጋው ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ማክሰኞ ተናግሬ ቢሆን ሽቦ ስሙ ሊገባ ይችል ነበር። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበረች፣ የፌዴሬሽኑ ቢሮም ከትምህርት ቤቱ ሁለት ፌርማታ ነው። እኔ ግን ሱቄ ተመለስኩና የሴት ጫማ ሂል ስተክል ዋልኩ። ለራሴ «ላስብበት» እል ነበር። የማስበው ምን ነበር? «የተመታሁት እኔ ነኝ» የሚለውን። ሌላ አልነበረም። ጥርሴ በተነቃነቀ ቁጥር እውነቱ እኔ ጋ ያለ ይመስለኝ ነበር። ሰው ሲመታህ ትክክል የሚያደርግህ ነገር አለ፤ ያንን መልሶ መስጠት ከባድ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንዲት ሴት መጣች። የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ናት፣ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች። የሽቦ ታላቅ እህት ነኝ አለችኝ። መቀመጫ ሰጠኋት፣ አልተቀመጠችም።

«እንኳን እግዜር አተረፈዎት» አለች ከንፈሬን እያየች። «እናትና አባት የለንም፣ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ያሳፈረንም እኛን ነው። ይቺን ጽፏል።»

የደብተር ወረቀት ነው፣ አራት ቦታ የታጠፈ። ሦስት መስመር ብቻ። «ለተከበሩ ዋና ዳኛ። የተሰጠብኝ ውሳኔ ትክክል ነበር፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። እጄን ስላነሳሁብዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«እሱ ነው የጻፈው?» አልኳት።

«ይቅርታውን እሱ ነው የጻፈው። የመጀመሪያውን እኔ ነኝ ያስጻፍኩት። ሦስት ቀን ሙሉ 'አልለቀቅኩም፣ እግሬ ያውቃል' እያለ ምግብ ትቶ ነበር። 'ስድስት ዳኛ ተሳስቶ አንተ ብቻ ልክ ልትሆን ነው?' አልኩት። ሲመሽ ጻፈ። 'ምናልባት እግሬም ዋሽቶኝ ይሆናል' አለኝ።»

ወረቀቷን ይዤ ቆምኩ። እንደ እውነቱ ከሆነ ከእሷ የተሻለ መውጫ አላገኝም ነበር፤ ሽቦ ራሱ ውሳኔው ትክክል ነው ብሎ ፈርሞልኛል፣ እኔ ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው «ይቅር ብዬዋለሁ፣ እገዳው ይቀነስለት» ብል ሁሉም ያመሰግነኛል። ካርዶቹን ማንም አያይም። ልጁም ዕድሜውን ሙሉ እግሩን ሳያምን ይኖራል።

እህቱን «እሺ፣ ሐሙስ እንገናኝ» ብዬ ሸኘኋት። ግድግዳዬ ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ፤ ዘጠኝ ተኩል። አሥር ሆነ። አሥራ አንድ ሆነ። አልደወልኩም።

ያን ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሰሃን እያጠበች ነበር፣ ዞራ አላየችኝም። «የአንተን ካርዶች እኮ ማንም አላሳየህም» አለች። «ቢያሳዩህ ኖሮ፣ ወይ ዳኛው ወይ አንተ ልክ ነበራችሁ። አንዱ በታወቀ ነበር። እኔም ይሄን ታሪክ ሃያ ስድስት ዓመት ባልሰማሁ።» ቀልዷን ነው፣ ግን አልሳቀችም። እኔም አልሳቅኩም።

ሐሙስ የኮሚቴው ክፍል ውስጥ አምስት ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። ሽቦ ጥግ ላይ፣ የእህቱ የሚመስል ጠባብ ኮት ለብሶ፣ ጉልበቱን እያየ ተቀምጧል። ሰብሳቢው ሪፖርቴን ሊያነብ ሲል እጄን አነሳሁ።

«ከዚያ በፊት የማሳያችሁ አለ» አልኩ። ሦስቱን ካርዶች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ስለ ሰባቷ ነገርኳቸው። ማንን ከየት አንስቼ የት እንዳቆምኩ፣ ለማን እንዳልነገርኩ፣ ምን ሳላይ ምልክቱን እንዳነሳሁ ነገርኳቸው። «ይህ ልጅ መውጣት አልነበረበትም። ስህተቱ የኔ ነው» አልኩ።

ሰብሳቢው ካርዶቹን እያገላበጠ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ የተሰበሰብነው ስለ ድብደባው ነው። ዝርዝሩ ደግሞ ተልኳል፣ የሚመለስ አይደለም።»

«አንድ ጉዳይ ነው» አልኩት። «ግን ልክ ነህ፣ መምታት መብት አይሆንም። ይህንንም እላለሁ።»

ሽቦ ቀና ብሎ አየኝ። «መቼ ነው ያወቁት?» አለ። «እርስዎ» አለኝ፤ ያ ግን አላስደሰተኝም።

መዋሸት እችል ነበር። «ሰኞ» አልኩት።

ኮሚቴው ሽቦን ለአራት ወር አገደው። እኔ ከዋና ዳኝነት ተነሳሁ፣ መነሳቱን ከእነሱ ቀድሜ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ዝምተኛው ወደ ሻምፒዮናው ሄደ። የካርዶቹን ነገር ሰው ሲነግረው ምን እንዳለ አላውቅም፤ ምናልባት ዝም ብሎ ይሆናል።

ስወርድ ሽቦ ደረጃው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እህቱ ታች በር ላይ ናት። ፊት ለፊቴ ቆመ። አንድ ደረጃ ከእኔ በታች ነው፣ ያም ሆኖ ይበልጠኛል።

«ለዝምተኛው ብለው አልነበረም?» አለኝ።

«አልነበረም።»

«እኔን ጠልተውም አይደለም?»

«ልጄ፣ ያን ሰዓት ስላንተ አላሰብኩም። የማስበው ማንን አምስት ላይ ላቁም ብዬ ነበር።»

ዓይኑ ውሃ ሞላ። «ቢጠሉኝ ይሻለኝ ነበር» አለ። «የሚጠላኝን ሰው ምን እንደማደርገው አውቃለሁ።» «ሰኞ ግን አውቀው ነው ዝም ያሉት።»

«አውቄ ነው።»

እጁን ወደ እኔ ሲያነሳ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከንፈሬ ገና አልዳነም ነበር። ልመታ ነው ብዬ ደግሞ አልተቆጣሁም፤ ይገባኛል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ጣቶቹ ደረቴ ላይ አረፉ። ከሸሚዜ ኪስ እስክሪብቶዬን አወጣ።

«ወረቀቴ አብሮዎት አለ?»

ሰጠሁት። የደረጃውን ግድግዳ ተደግፎ ወረቀቷን ዘረጋና አንዷን መስመር ሰረዘ። ደጋግሞ ሰረዘ፣ ወረቀቷ እስክትቀደድ። ከዚያ አጣጥፎ ከእስክሪብቶዬ ጋር መለሰልኝና እህቱ ወደቆመችበት ወረደ።

ውጭ ወጥቼ ከፈትኳት። ስለ ውሳኔው የሚለው የለም። የቀረው እንዲህ ይላል፤ «እጄን ስላነሳሁብዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ሱቄ ጠረጴዛ ላይ፣ መስታወቱ ሥር አድርጌያታለሁ። ደንበኛ ሲጠይቀኝ ስለ ካርዶቹም ስለ ሰኞም እነግረዋለሁ። ከዚያ ቀጥዬ፣ ሁለት የጎድን አጥንት ስለሰበርኩበት ልጅ እነግረዋለሁ፤ ስሙን ሳልጠይቀው ስለቀረሁት።